ለኮኪቱ አባቴ የመጀመሪያ ኮምፒውተር

ከጎንደር በአይከል አድርጎ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደው አስፋልት ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሳይደርስ ኮኪትን ያገኛል። አባቴ ሰሊጥና ማሽላ እያመረቱ ያረጁት እዚያ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ልጆቻቸው አንዳችን ጎንደር፣ አንዳችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ባሕር ማዶ ነን። ተመካክረን፣ ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛንላቸው፤ አዘጋጅቶ ማስረከቡና ማለማመዱ የእኔ ድርሻ ሆነ። ዛሬ ራሳቸው ከፍተው፣ የሚፈልጉትን ሠርተው፣ ራሳቸው ይዘጋሉ።

ይህን ያዩ ወዳጆቼ «እኔስ ለእናቴ ከምን ልጀምር?» ይሉኛል። የምሰጣቸው መልስ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫል፦ አዛውንቱን ወደ ማሽኑ ከመጎተት ማሽኑን ወደ አዛውንቱ ማምጣት ይሻላል፤ ወደ ፊደላቸው፣ ወደ ሰዓት አቆጣጠራቸው፣ ወደ ሥራቸው፣ ወደሚኖሩበት አገር ሙቀትና መብራት። ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች የዚሁ ሐሳብ ዝርዝር ናቸው።

1. ከዕቃው በፊት ጉዳያቸውን ጠይቁ

«ኮምፒውተር ልግዛልዎት?» ብትሉ ብዙ ወላጅ «ለእኔ ምን ሊያደርግልኝ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ነው የሚለው። እኔ አባቴን የጠየቅኳቸው ሌላ ነው፦ «አባባ፣ ሰሞኑን ምን ያስቸግርዎታል?» መልሱ ወዲያው መጣ። የሰሊጡ ሂሳብ ደብተር በደብተር ላይ ተደራርቦ ማን ምን እንደወሰደ ለማግኘት ተቸግረዋል። የልጅ ልጆቻቸውን ድምፅ ይሰማሉ እንጂ መልካቸውን አያዩም። የዳዊታቸው ፊደል ደቆባቸዋል። የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ገዳሪፍ ያሉ የንግድ ወዳጆቻቸው ነገር ያሳስባቸዋል። በመተማ በኩል ሲሻገር ያዩት ሕዝብ ከዐይናቸው አልጠፋም።

ኮምፒውተሩ ላይ ምን መኖር እንዳለበት የወሰኑት እነዚህ አራት ጉዳዮች ናቸው። ከእነሱ ውጭ ያለውን ሁሉ ከፊታቸው አነሳሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጥቶ የሚያደርጉትን ተከታትሎ ነበር። ሕፃናቱ በመነካካት ብቻ ብዙ ነገር እንደለመዱ የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በየመድረኩ ተናግሯል። አዛውንት ግን በዚህ መንገድ አይማሩም። ሕፃን ደስ ስላለው ይነካካል፤ አዛውንት የሚነኩት ጉዳይ ሲኖራቸው ነው። ጉዳዩን ካገኛችሁላቸው ግን ከሕፃን ባልተናነሰ ትጋት ይይዙታል።

2. ስልክ የሚበቃ ከሆነ ስልክ ግዙ

ለብዙ ወላጅ ጥሩ ስልክ ይበቃል፤ እናታችሁ የሚፈልጉት ከልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ መነጋገር ብቻ ከሆነ ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም። ለአባቴ ስልኩ ያልበቃው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው እጃቸው ነው። የስልክ ስክሪን የጣትን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት አንብቦ ነው የሚሠራው። ዕድሜ ልኩን መቆፈሪያና ማጭድ የጨበጠ፣ የደረቀና የጠነከረ ጣት በደንብ አይነበብም። አንዱን ቦታ ደጋግመው ይጫኑታል፣ አይሰማም፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ሌላ ነገር ይከፈታል። የኪቦርድ ቁልፍና ማውስ ግን የቆዳ ልስላሴ አይመርጡም።

ሁለተኛው ዐይናቸው ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት እየደከመ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ሠንጠረዥ ከነቁጥሩ በስልክ ስክሪን ላይ ማንበብ ለእሳቸው ድካም ነው። ስለዚህ ስክሪኑ 15.6 ኢንች የሆነ ላፕቶፕ መረጥን፤ ከላፕቶፑ መዳሰሻ ይልቅ በገመድ የሚሰካ ማውስ ጨመርንለት።

3. ያገለገለ ግዙ፣ ቆማችሁ ፈትሹ

የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋም አብሮ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ለሚነኩ ወላጅ አዲስ ዕቃ የግድ አይደለም። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመውባቸው የሚመጡት ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ለቢሮ ሥራ ተብለው ስለተሠሩ ጠንካሮች ናቸው። መለዋወጫቸውም፣ የሚጠግናቸው ሰውም አይጠፋም።

ከሱቁ ሳትወጡ እነዚህን እዩ። ራሙ 8 ጊጋባይት ይሁን። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን፤ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ይዘገያል፣ ሲወድቅም ይበላሻል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ቪዲዮ ክፈቱበት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁሙና ባትሪው ምን ያህል እንደወረደ፣ ሆዱም ምን ያህል እንደጋለ በእጃችሁ ዳስሱ። ኪቦርዱን ከመጀመሪያው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ጻፉበት። ማጠፊያው ላላ ካለ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ጠይቁ፤ የፕሮሰሰሩን ጄኔሬሽን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአጠቃላይ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። ርካሽ ሆኖ የሚቀርብላችሁ 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን ከሆነ ግን አትጣሉት። ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይጫናል፣ በአሮጌ ማሽንም ቀልጠፍ ብሎ ይሠራል፤ ለሂሳብ፣ ለንባብና ለቴሌግራም የሚጎድለው የለም። የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸው ለሆነ ሰው «ዊንዶውስ ለምጃለሁ» የሚባል ነገር ስለሌለ ልዩነቱ አይታወቃቸውም።

4. የቆላው ሙቀት የማሽኑ ዋና ጠላት ነው

ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች ዕቃቸው የሚሠራበትን የአየር ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብለው ይወስናሉ። በመተማ ቆላ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለ ልጅ ይህን አያስበውም። ስለዚህ ከዕቃው ጋር አጠቃቀሙንም አብራችሁ ላኩ።

አባቴ ኮምፒውተሩን የሚከፍቱት ጧት እስከ 3 ሰዓትና ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ይህ ከሥራቸውም ጋር ይስማማል። ላፕቶፑ አልጋና ጋቢ ላይ አይቀመጥም፤ የአየር መሳቢያው ይደፈናልና። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ደርድረን ከሥሩ አየር እንዲገባ አደረግን። ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም በማሽኑ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ አበራን፤ የሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚገድለው ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ነውና። ሰሊጥ በሚራገፍበት ወቅት አቧራው ብዙ ስለሆነ መሳቢያውን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ነፍሳት የስክሪን ብርሃን ተከትለው ስለሚመጡ ከኮምፒውተሩ ራቅ ብሎ ሌላ አምፖል መብራት አለበት።

5. መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ ታገሡ

ኤሌክትሪክ ወደ ሱዳን የሚሻገርበት ከፍተኛ የኃይል መስመር በዚሁ በመተማ በኩል ያልፋል፤ የሰው ቤት መብራት ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። ዴስክቶፕ ትተን ላፕቶፕ የመረጥነው ለዚህ ነው፤ መብራት ቢቋረጥ የተጻፈው አይጠፋም። ዕቃ የሚያቃጥለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን ሲመለስ ከፍ ብሎ መምጣቱ ነው። የቤቱ ሕግ አጭር ነው፦ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ተመልሶ አምፖሉ መብለጭለጩን ትቶ እስኪረጋ አይሰካም። ከፍ ያለ ኃይል የሚቆርጥ ማከፋፈያ ብትጨምሩ ደግሞ ገንዘባችሁ አይባክንም።

6. ሰዓቱን የእኛ ሰዓት አድርጉት

አባቴ ኮምፒውተሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ነው። የእጃቸው ሰዓት 2 ይላል፣ ማሽኑ 8። «ይኼ ተበላሽቷል» አሉ። በሰዓቱ ያልታመነ ዕቃ በሌላውም አይታመንም። እኛ ወጣቶቹ 6 መቀነስ ስለለመድን አይታየንም፤ ለእሳቸው ግን ማሽኑ የሰው አገር ዕቃ መሆኑን በየቀኑ የሚናገር ምልክት ነው።

ሰዓቱን በእጅ ወደ ኋላ መመለስ መፍትሔ አይሆንም፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ መልሶ ያስተካክለዋል። የሚሠራው መላ የሰዓት ክልሉን መቀየር ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ከዚያ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ከመነሻው 3 ሰዓት ወደ ኋላ ያለ ክልል ይመረጣል። የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ እዚያ ውስጥ ናት። ማስተካከያው ላይ ቦነስ አይረስን ስትመርጡ ማሽኑ ወዲያው የኢትዮጵያን ሰዓት ያሳያል፤ በውስጡ ያለው እውነተኛ ሰዓትም አይዛባም።

የበለጠ ደስ የሚለው ደግሞ ይህ ነው። በዚህ አሠራር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ያለው ሁሉ «ኤኤም» ይሆናል፣ ሌሊቱ ሁሉ «ፒኤም»። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጧት 12 ሰዓት ላይ፣ ሲነጋ ነው። ዊንዶውስ እነዚህን ሁለት ምልክቶች በሌላ ጽሑፍ መተካት ስለሚፈቅድ በ«ኤኤም» ፋንታ «ቀን»፣ በ«ፒኤም» ፋንታ «ማታ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ የእጃቸውን ሰዓት ከስክሪኑ አጠገብ አድርገው ሁለቱን እያስተያዩ ቆዩና «አሁን ገና ተስማሙ» አሉ። የቀን መቁጠሪያው ግን በፈረንጆቹ ስለሚቀር የግድግዳ ካላንደር ከጠረጴዛው በላይ ሰቀልንላቸው።

7. ፊደሉ እንደ ገበታቸው ይሁን

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ይህ ችግር የለም፤ ብቻ የምትጭኑት መጻፊያ በዩኒኮድ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ዊንዶውስም ሆነ ክሮም ትእዛዞቻቸውን በአማርኛ ማሳየት ይችላሉ። የጽሑፉን መጠን ወደ 150 በመቶ አሳድጉት። የማውሱን ቀስትም ትልቅ አድርጉት።

ለመጻፍ ኪማን የተባለውን ነፃ መጻፊያ ጫንኩ። «ል»ን ለማግኘት የእንግሊዝኛውን «ኤል» ቁልፍ መንካት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ለማያውቁ አባት ግን ይህ መመሪያ ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ማጣበቂያ ወረቀት ቆርጬ በየቁልፉ ላይ ሳድሱን ፊደል በወፍራም ቀለም ጻፍኩ፦ ል፣ ም፣ ር፣ ስ። በአናባቢዎቹ ቁልፎች ላይ ደግሞ በቀይ «ግዕዝ»፣ «ካዕብ»፣ «ሣልስ»፣ «ራብዕ»፣ «ሳብዕ» አልኩ። አባቴ ከዚህ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። «ል»ን ነኩ፣ «ራብዕ»ን ነኩ፣ «ላ» መጣ። የፊደል ገበታው ሥርዓት በአእምሯቸው ስለነበረ ኪቦርዱ አዲስ ትምህርት አልሆነባቸውም። የመጀመሪያ ጽሑፋቸው የእናቴ ስም ነበር።

ኔትወርክ በሚኖርበት ጊዜ በድምፅ ማስጻፍም ይቻላል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። ረጅም መልእክት ሲኖራቸው ይናገሩታል፣ የተሳሳተውን በኪቦርድ ያርማሉ።

8. ስክሪኑ ላይ የሚያስፈልጋቸውን ብቻ አስቀምጡ፣ ቁጥርም ስጡት

ሌላውን ሁሉ ደብቄ ፊት ለፊት የተውኩት አምስት ምልክት ነው፦ «1 ልጆች»፣ «2 የሰሊጥ ሂሳብ»፣ «3 ዳዊት»፣ «4 ወሬ»፣ «5 ፎቶ»። አንዴ በመጫን እንዲከፈቱ አድርጌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን ለአረጀ እጅ ከባድ ነው። ቁጥሩ ጥቅሙ የሚታየው በስልክ ስትረዷቸው ነው። «ያንን ሰማያዊውን፣ ክብ የሆነውን» ከማለት «አባባ፣ ቁጥር 2ን ይጫኑ» ማለት ያሳጥራል። የመክፈቻና የመዝጊያውን ቅደም ተከተል በትልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

9. ሥራቸውን የሚያግዝ አንድ ነገር ይኑርበት

ኮምፒውተሩን የቤቱ ዕቃ ያደረገው ቁጥር 2 ነው። ሊብረ ኦፊስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፦ ቀን፣ ስም፣ ለምን፣ የሰጠሁት፣ የተቀበልኩት፣ ቀሪ። ሰሊጥ ብዙ ወጪ አለው፤ እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙ፣ አጨዳው፣ ጆንያው፣ መጓጓዣው። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርዱት የወቅት ሠራተኞች ክፍያ፣ ቅድሚያ የወሰዱትም፣ ስንቃቸውም በየቀኑ ይጻፋል። ቀድሞ ይህ ሁሉ በደብተር ተጽፎ በጥቅምት መጨረሻ ለመደመር ብዙ ሌሊት ይፈጅ ነበር። አሁን ቁጥሩን ሲያስገቡ ድምሩ ከታች ይለወጣል። ከወጪያቸው ትልቁ አረም መሆኑን ይገምቱ ነበር፤ ዘንድሮ በብር አዩት፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያርሱትንም በዚያ ወሰኑ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህን የቆላ ሰሊጥ የሁመራ ጎንደር ብሎ ይመድበዋል፤ የሰሙትን ዋጋም በሌላ ገጽ ይመዘግቡታል።

የቀኑን ዓምድ «ቀን» ብላችሁ ሳይሆን «ጽሑፍ» ብላችሁ አዘጋጁት። ሠንጠረዡ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወራት ስለሆነ የካቲት 30ንም ጳጉሜን 3ንም አይረዳም፤ ጽሑፍ ከሆነ ግን የጻፉትን እንዳለ ያስቀምጣል።

ደብተሩን አታስጥሏቸው። አንድ የምርት ዘመን ሁለቱንም ጎን ለጎን ይያዙ። ሁለቱ ድምሮች ሲገጥሙ አይተው ነው የሚያምኑት፤ ማመንም ያለባቸው እንዲሁ ነው። ፋይሉ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ይገለበጥ፤ ፍላሹም ከኮምፒውተሩ ተለይቶ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

10. ኔትወርክ ባይኖርም የሚሠራ ይሁን

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ከሌለ ባዶ የሚሆን ኮምፒውተር ለዚህ አገር አይሆንም የሚል አቋም አለኝ። ስለዚህ ዋና ዋናውን ማሽኑ ላይ ጫንኩት፦ ዳዊቱን በትልቅ ፊደል፣ የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረኩትን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። ኪዊክስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም አማካይነት የአማርኛ ዊኪፔዲያን ጽሑፎች ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ 15 ሺ ገደማ ናቸው። ወደ ኮኪት የሚወርድ ሰው ስናገኝ አዲስ ፎቶና ቪዲዮ በፍላሽ እንልካለን።

ኔትወርኩ ሲኖር ከስልክ በሆትስፖት ይገናኛሉ። ዊንዶውስ ግን ሳይጠይቅ ዝማኔ እያወረደ የተገዛውን ፓኬጅ ይጨርሰዋል። ማስተካከያው ውስጥ ግንኙነቱን «ሜትርድ» ብላችሁ ምልክት ካደረጋችሁበት ይታቀባል። ዝማኔውን ወደ ቤት ስትሄዱ እናንተው አውርዱላቸው።

11. ገንዘባቸውን ከአጭበርባሪ ጠብቁ

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ገጠር ድረስ ገብቷል፤ የሰው ገንዘብ በማታለል የሚወስዱትም አብረው መጥተዋል። ለአባቴ ያስተማርኩት አንድ ሕግ ነው፦ ገንዘብ፣ የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ፣ የልጃቸው ስምና ፎቶ ቢኖረውም፣ ደውለው ድምፁን ሳይሰሙ መልስ አያገኝም። ቴሌግራማቸው ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አደረግሁ። የባንክም የቴሌብርም ነገር ኮምፒውተሩ ላይ አልጫንኩም። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው መረጡ፤ ለጎረቤት ልጅ ቢሆንም አይነገርም።

12. አስተማሪ አጠገባቸው ይኑር

አባቴ ፊደል የቆጠሩት ጎልማሳ ሆነው ነው። ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት፣ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነው። የተሳካበትን ምክንያት ከእሳቸው ሰምቻለሁ። ትምህርቱ ወደ መንደሩ መጣ፤ የሚሰጠው ገበሬው ከሥራ በተመለሰበት ሰዓት ነበር፤ የሚያስተምረውም ቋንቋቸውን የሚናገር ወጣት ነበር። ከዚህ የተሻለ ዘዴ ለኮምፒውተሩም አላገኘሁም።

ስለዚህ ከመንደሩ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መረጥን። በየሳምንቱ በተቀጠረ ቀን ማታ ይመጣል፤ ለድካሙም እንከፍለዋለን። ለልጁ የሰጠሁት ማሳሰቢያ አንድ ነው፦ ማውሱን ከእጃቸው አትቀበል። ልጆች ስንባል ፈጣን ነን፤ «ቆይ ልሥራልዎት» ብለን ነጥቀን እንጨርሰዋለን፤ አዛውንቱ ያያሉ እንጂ አይለምዱም። እጃቸው ይዘግይ፣ ይሳሳት፣ ይመለስ። በአንድ ምሽት አንድ ነገር ብቻ ይማሩ፤ በሚቀጥለው ምሽት ያንኑ ደግመው ይጀምሩ። የተማሩትን ለሌላ ሲያሳዩ ደግሞ ይበልጥ ይጸናል፤ አባቴ አሁን የጎረቤታቸውን የሰሊጥ ሂሳብ እየመዘገቡላቸው ነው።

አክብሮቱም አይጓደል። አርባ ዓመት እርሻ የመሩ፣ ዝናቡን ከደመናው የሚያነቡ፣ ከድንበር ማዶ ነጋዴ ጋር ዋጋ ተደራድረው የኖሩ ሰው ናቸው። ያላወቁት ቁልፍ አለ ማለት ማወቅ አይችሉም ማለት አይደለም።

ወላጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ዕቃውን ገዝታችሁ በመኪና ብቻ አትላኩት። ለበዓል ስትገቡ ጥቂት ቀን ጨምሩና አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ፊደሉን ለጥፉ፣ የሚያለማምዳቸውን ልጅ አገናኙ። ያገለገለ ላፕቶፕና የእናንተ ጥቂት ቀናት ተደምረው ለአንድ አዛውንት ይበቃሉ፤ ሁለተኛው ከጎደለ ግን ውዱም ማሽን ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀረው።